ጀልባዋ የታለች?

መርካቶ ጫማ የሚገዛ ሰው ሶሉን አጥፎ ያያል፣ ስፌቱን ይጎትታል፣ ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ይጠይቃል። በሬ ተሸጦ የተገኘ ብር ለደላላ ሲቆጠር ግን "ጀልባዋ የታለች?" የሚል አይገኝም።

በትንሽ የሸራ ጀልባ ዳርቻ ዳርቻውን ለመጓዝ አጋዥ የሚፈልግ ካፒቴን እጩውን ይመረምራል፦ መዋኘት ትችላለህ? ሌሊት ተረኛ ሆነህ ታድራለህ? እጩውም መልሶ ይጠይቃል፦ ላይፍ ጃኬት አለ? ሬዲዮ ይሠራል? ነፋሱ ቢከፋ የት እንጠጋለን? ካልተስማሙ ሁለቱም እምቢ ይላሉ።

የእኛ ደላላ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ስንት አለህ? የዘመድህ ስልክ ስንት ነው? ስልኩ በኋላ ማስለቀቂያ ብር መጠየቂያ ይሆናል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን ዳርቻ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰው ጭና ነበር፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከዚያ "ፈልጎ ነው የሄደው" እንላለን። እኔ ይሄን አልቀበልም። ጀልባዋን ያላየ፣ አብሮት ስንት ሰው እንደሚጫን ያልተነገረው፣ መሀል ላይ "ልመለስ" ማለት የማይችል ሰው ምኑን ፈቀደ? አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው ማሻገርን ወንጀል ብሎታል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ደላላው አሁንም "መንገድ የሚያውቅ ልጅ" ነው። ሻይ እንጋብዘዋለን።

ጓደኛችሁ ልሄድ ነው ካላችሁ "አትሂድ" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ሰው ምክር ጠግቧል። አብራችሁት ደላላው ጋ ሂዱና እነዚያን የካፒቴን ጥያቄዎች በፊቱ ጠይቁት፤ ብሩ ገና ኪሱ ውስጥ እያለ።