ማጠንከር ሁሉ ማጽናት አይደለም
(ከጠመንጃ ሰደፍ የምንማረው ፊዚክስ)

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እርጥበትን ከአየር መውሰዱንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። በክረምት አልዘጋ ብሎ ያስቸገረ በር በበጋ ሲላላ የሚያየው አናጢ ይህንን ከማንኛችንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ትምህርታችን እንጨት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ቅርጹን ፈጽሞ እንደማይለውጥ ጠጣር አካል ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስተን ለሳይንስ ርእስነት እምብዛም በማይታሰብ አንድ ዕቃ፣ ማለትም በጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ፣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ሰደፋቸውን በገዛ ቤታቸው ያጠናክራሉ። ብረቱ የሚያርፍበትን የእንጨት ጎድጓዳ በጥቂቱ ይጠርቡና የብረት ዱቄት ወይም የመስታወት ቃጫ በተቀላቀለበት ኢፖክሲ ይሞሉታል። ከዚያም እንዳይጣበቅ ሰም የተቀባውን ብረት ያስቀምጡበታል፤ ኢፖክሲው ሲደርቅ የብረቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በእኛ አገር ደግሞ የተሰነጠቀ ሰደፍ በእርጥብ ጠፍር ይታሰራል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ ስንጥቁን ይገጥመዋል። ዘዴዎቹ ቢለያዩም ሁለቱም መመለስ ያለባቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኃይሉ ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ ወዴት ይሄዳል?

በመጀመሪያ እርጥበትን እንመልከት። ለሰደፍ የሚመረጠው የዎልነት እንጨት የእርጥበት መጠኑ በ5 በመቶ ቢጨምር፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስፋቱ ከቃጫው አቅጣጫ በአግድም እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያብጥ ይችላል። በቃጫው ርዝመት በኩል ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ተመሳሳይ ስፋት ያለው ብረት በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ የሚሰፋው 0.02 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመሆኑም በበጋ በትክክል የተገጣጠሙት እንጨትና ብረት በክረምት ይገፋፋሉ። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው በርሜል ጫፉ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢዘነብል፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ በ17 ሚሊ ሜትር ያህል ከመስመሩ ይወጣል።

ቀጥለን የኋሊት ግፊቱን እናስላ። ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ 350 ሜጋ ፓስካል፣ የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋትም 7.62 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ብረቱ ለአፍታ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ወደ 16,000 ኒውተን ይደርሳል። ሰደፉ የጠመንጃው ጠቅላላ ክብደት ሩብ ነው ብንል፣ እንጨቱን ይዞ ወደ ኋላ ለመሄድ በግምት 4,000 ኒውተን ያስፈልጋል። ይህንን ኃይል ለእንጨቱ የሚያቀብለው ከብረቱ ሥር የወጣ አንድ ትንሽ ጉጥ ነው። የጉጡ ገጽ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሙሉ በሙሉ ቢያርፍ ጫናው 20 ሜጋ ፓስካል ይሆናል፤ ዎልነት በቃጫው አቅጣጫ 50 ሜጋ ፓስካል ያህል ስለሚችል ይሸከመዋል። በደንብ ሳይጠረብ ቀርቶ የሚነካው ሩቡ ብቻ ከሆነ ግን ጫናው ወደ 80 ሜጋ ፓስካል ያሻቅባል፤ እንጨቱም ይደቅቃል። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም የኢፖክሲውን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። ኢፖክሲው በዋነኛነት የሚጠቅመው ከእንጨቱ የበለጠ ጠንካራ በመሆኑ ሳይሆን፣ ሩቡን ንክኪ ሙሉ በማድረጉ ነው።

የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ማጠንከር ማለት ክፍተትን ሁሉ መድፈን ይመስላቸዋል። የብረቱ የኋላ ጭራ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ሲደፈን፣ በእያንዳንዱ ተኩስ ጭራው እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን ወደ ጎንና ጎን ይገፋዋል። እንጨት ደግሞ ቃጫው ወደ ጎን ሲለያይ የሚችለው 5 ሜጋ ፓስካል ገደማ ብቻ በመሆኑ ይሰነጠቃል። ዐዋቂ ባለሙያ ግን ከጭራው በስተኋላ ቀጭን ክፍተት ሆን ብሎ ይተዋል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ እንጨቱን እንዳይጨፈልቁም በዙሪያቸው የአሉሚኒየም ቱቦ ያቆማል። ስለዚህ ሁሉን ማጥበቅ ማጽናት አይደለም፤ ማጽናት ኃይሉን ሊሸከመው ወደሚችለው አካልና አቅጣጫ መምራት ነው።

ይህንን የዘነጋ ትልቅ ተቋምም ቢሆን ዋጋ ይከፍላል። የአሜሪካ ማሪን ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 የተቀበለው ኤም 40 የተባለው ጠመንጃ ሰደፉ እንጨት ነበር። በቬትናም እርጥበት እንጨቱ እየጠመመ ስላስቸገረ፣ በ1970ዎቹ ኤም 40 ኤ 1 በተባለው ሞዴል በፋይበርግላስ ተተካ።

አንዳንድ አንባቢያን «ስለ ጦር መሣሪያ ለወጣቶች መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ከመሆኑም በላይ፣ ማንም ተማሪ ይህንን አንብቦ ጠመንጃ እንዲነካ አልመክርም። ነገር ግን ይኸው ፊዚክስ በወንበር እግር፣ በክራር ቀንበርና በቤት ጣራ ማገር ውስጥም አለ። የጣራ ማገር በስሕተት ሲጠነከር ደግሞ የሚጎዳው ከሥሩ የሚተኛው ቤተ ሰብ ነው።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው። ተማሪዎቻችን የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃላቸው ይወጡታል፤ የተሰነጠቀ እንጨት ፊታቸው ሲቀመጥ ግን ኃይሉ በየት እንዳለፈ መናገር ይቸግራቸዋል። አናጢው ኃይሉ የሚያልፍበትን መንገድ በእጁ ያውቀዋል፤ ስሌቱን ግን ያስተማረው የለም። ዕውቀቱን ለሁለት ከፍለን አንደኛውን ትምህርት፣ ሁለተኛውን ተራ ሥራ ብለን የሰየምነው እኛው ነን። ይህንን ለማረም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ጣውላ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ካሊፐር ይበቃል። ጣውላውን በበጋ መዝናችሁና ለክታችሁ አኑሩት፤ በክረምት ደግማችሁ መዝኑት፣ ለኩትም። ከዚያም ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ሰፈራችሁ አናጢ ሂዱና ምክንያቱን ጠይቁት። የእርሱን መልስና የእናንተን ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ፣ ፊዚክስ ከመጽሐፉ ወጥቶ እጃችሁ ይገባል።