የኑግ ራስ አንድ አበባ አይደለም

ኑግ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ አንዱን ቢጫ ራስ ቅጠፉና ፈልቅቃችሁ እዩት። አንድ አበባ ይመስላል፤ አይደለም። ዳር ዳሩን የከበቡት ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠል መሳዮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሀል ላይ የታጨቁት ደቃቆች ደግሞ ከ40 እስከ 60 ይደርሳሉ። እያንዳንዷም አንዲት ፍሬ መቋጠር ትችላለች። አደይ አበባም ሱፍም እንዲሁ ናቸው። (እኔም ብሆን በደብተር ሥዕል እንጂ በማሳ አላየሁትም ነበር።)

ዋናው ነገር ወዲህ ነው። ኑግ በገዛ አበባው ዱቄት እምብዛም አያፈራም፤ የሌላ ኑግ ዱቄት ይፈልጋል። ያንን በብዛት የምታመላልሰው ንብ ናት። ንብ ያልደረሰችው ራስ ሲወቃ ገለባው ይበዛል። ታዲያ አንዳንዱ ሰው ኑጉ በፈካበት ሰሞን ፀረ ተባይ ሲረጭ ሳይ ይቆጨኛል። «ንቡ የጎረቤት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላል። የገዛ ዘይቱን እኮ ነው የሚያጠፋው! መርጨት ግድ ከሆነ አበባው ሳይፈካ ይሁን። ያ ካልተቻለም ንቦቹ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ማታ፣ ያውም ባለቀፎው ቀድሞ ተነግሮት።