ግማሽ ኢንች

ከመካከላችሁ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዘመድ ያላችሁ አትጠፉም፤ ሚኒሶታ የአገራችን ሰዎች በብዛት የሚኖሩባት የአሜሪካ ግዛት ናትና። የዛሬው ጨዋታችን እዚያው ከተማ ውስጥ ስለወደቀ አንድ ድልድይ ነው።

ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የተዘረጋው ባለ ስምንት መስመር የአውራ ጎዳና ድልድይ በሰከንዶች ውስጥ ተደረመሰ። 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ቆሰሉ። ከዋና ሲመለሱ የነበሩ ከ50 በላይ ልጆችን የጫነ አውቶቡስም አብሮ ወርዶ የድልድዩን የጠርዝ አጥር ተደግፎ ቆመ። አብሯቸው የነበረ አንድ ወጣት የኋላውን በር በእግሩ መትቶ ከፈተና ልጆቹን ማውጣት ጀመረ። አንድም ልጅ አልሞተም። እኔ እናት ነኝና ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ድልድዩ የብረት ዘንጎች በሦስት ማዕዘን እየተገጣጠሙ የሚሸከሙት ዓይነት ነበር። መሐንዲሶች «ትራስ» ይሉታል፤ የአልጋውን እንዳይመስላችሁ። ዘንጎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ የሚያያይዘው ወፍራም ላሜራ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተከፈተው የዚህ ድልድይ አንዳንድ ላሜራዎች ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች ብቻ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በኋላ መርምሮ እንዳረጋገጠው፣ መሆን የነበረባቸው የዚያ እጥፍ ገደማ ነው። ስህተቱ ንድፉ ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ያየው ሰው አልነበረም።

ታዲያ 40 ዓመት ገደማ እንዴት ቆመ? ያኔ ሸክሙ ቀላል ነበር። ከዚያ መንገዱ ላይ ተጨማሪ ኮንክሪት ተደረበ፤ ቆይቶ ጠርዙ ላይ ከባድ መከላከያ ተሠራ። በዚያች ቀን ደግሞ ለጥገና ሥራ 260 ቶን ገደማ አሸዋ፣ ጠጠርና ማሽን ደካማዎቹ ላሜራዎች ባሉበት ቦታ ላይ ተከማችቶ ነበር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ከመውደቁ አራት ዓመት በፊት በተነሱ ፎቶግራፎች ላይ ላሜራዎቹ ጎብጠው ይታያሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ በየጊዜው ይመጡ ነበር። የሚያስጨንቃቸው ዝገቱና ስንጥቁ ነበር። ጉብጠቱን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሮቶ ያላችሁ፣ 1,000 ሊትር ውኃ 1 ቶን መሆኑን አስባችሁ ታውቃላችሁ? በረንዳችሁ ላይ አንድ ቪትዝ እንደ ማቆም ነው። ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ የምታፈርሱም፣ አናጢውን ሳይሆን መሐንዲስ ጠርታችሁ «ይህ ግድግዳ ሸክም ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። በጣሪያው ወይም በበረንዳው ሥር አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ በኖራ አትድፈኑት፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ከወር በኋላ ደግሞ አነጻጽሩት።

እኔም ባለፈው ሳምንት የእኛን በረንዳ ከታች ሆኜ ቀና ብዬ አየሁት። ከሮቶው ሥር ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ባለቤቴ «ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሆነ?» አለኝ። የድልድዩን ታሪክ ነገርኩት። መሐንዲሱ ቅዳሜ ይመጣል፤ እስከዚያ ሮቶውን አፍስሰን በጀሪካን እየተጠቀምን ነው።