39 ሰዓትና 48 ሰዓት፦ የረመዳን ዐርብ በቢሮ

በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ የሚቀርብልን ጥያቄ ስለ መርፌና ስለ ጥርስ ሳሙና ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላም በአንድ የግል የሒሳብ ቢሮ የሚሠራ ወጣት ሰሞኑን እንዲህ አለን፦ «ሼኻችን፣ ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ አርፍደሃል ተብዬ ተጻፈብኝ። ወንድሜ ግን በመንግሥት ቢሮ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ሕጉ ለሁለታችን አንድ አይደለም?»

አንድ አይደለም። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ወጥቶ የነበረው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ 32 ይሆናል፤ የዐርብ 7 ሲጨመር 39። የጎደለችው አንዷ ሰዓት የዐርብ ናት። ጠዋት 5፡30 ተወጥቶ 7፡30 ይገባል። በየካቲት በእኛ አገር ዙህር የሚገባው 6፡45 ገደማ ስለሆነ አዛኑም፣ ኹጥባውም፣ ሁለቱ ረከዓም በዚያ መካከል ያልቃሉ።

የግል ቢሮ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 9 ሰዓት፣ ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ምሳ ከ6 እስከ 7 በሚወጣበት ቢሮ ደግሞ ኹጥባው ሳያልቅ መግቢያው ይደርሳል። ማታም እንዲሁ ነው፤ 11፡30 የወጣ ሰው መግሪብ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል አለው፤ እስከ 12፡30 የሚቆየው ግን ተምሩን በመንገድ ላይ ይቀምሳል።

ይሁንና ይኸው አዋጅ አንድ በር ትቷል። የሥራው ጠባይ የሚጠይቅ ሲሆን የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይቻላል፤ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ከ2 ሰዓት እንዳያልፍ ብቻ ነው። ቃሉ ስለ ሥራ ጠባይ እንጂ ስለ ሶላት አይናገርም፤ ስለዚህ ለመስማማት እንጂ ለመካሰስ አይሆንም። ወጣቱን፣ «ዐርብ አንድ ሰዓት ከወሰድህ በቀሩት አምስት ቀናት በየቀኑ 12 ደቂቃ ክፈል፤ ይህንንም ከአሠሪህ ጋር በጽሑፍ አድርገው» አልነው። እንደሚነጋገር ነግሮናል።

ሳዑዲ ዓረቢያ በረመዳን የሙስሊሙን ሠራተኛ ሰዓት በቀን 6፣ በሳምንት 36 አድርጋለች፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከቀኑ ሁለት ሰዓት ትቀንሳለች። እኛ ይህን እንጠይቅ የሚሉ አሉ። አንስማማም። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገብተው ነበር፤ አጠገባችን የተቀመጠውም ባልደረባ ይጾም ነበር። የእኛ ሰዓት ሲቀነስ ሥራው የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

የራሳችንንም ጥፋት አንሸፍን። ለሶላት ብሎ ወጥቶ ገበያ የሚዞር፣ የሱሁርን እንቅልፍ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚጨርስ አለ። የተቀጠርንበት ሰዓት አማና ነው። የሱረቱል ጁሙዓ ትእዛዝ ሁለት ክፍል አለው፤ ሲጠሩ ግብይቱን መተው፣ ሶላቱ ሲያበቃ ወደ ሲሳይ ፍለጋ መበተን። ሁለተኛውን እናሳንሳለን።

በራሱ ኃላፊነት ቢሮ የከፈተው ጠበቃ ወይም የሒሳብ ባለሙያ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም አለ። አዋጁ እሱን አያካትትም፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲከርምና ሲመለስ ሌሊቱን ቢሠራ ሰዓቱን የሚቆጥርለት የለም። እሱ ግን በሩን ሲዘጋ የራሱ ጌታ ነው።

ጌታ ያልሆነችው በጓዳችን ያለችው ናት። አዋጁ ለቤት ሠራተኛ አይደርስም፤ የሳዑዲው 36 ሰዓትም እዚያ በሰው ቤት ለሚሠሩት ልጆቻችን አይደርስም። ለእነሱ ዱዓ እናደርጋለን። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወምበርማ ገጠር መጥታ በእኛ ቤት የተቀጠረችው ልጅ ለሱሁር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች፤ የኢፍጣሩን ዕቃ አጥባ ስትተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ቀን ሁለት ሰዓት ብታርፍ እንኳ በሳምንት 112 ሰዓት ይሆናል።