የአያቴን ቤት ድንጋይ ማን ቆጠረው?

አገሮች በነፍስ ወከፍ ስንት ድንጋይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ እንደሚጠቀሙ የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ግርጌው እወረውራለሁ፤ እኛ ያለነው እዚያ ነውና፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳሰላው፣ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1970 ከመሬት ያወጣው ብረት ነክ ያልሆነ ማዕድን 9 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ በ2017 ወደ 44 ቢሊዮን ደረሰ፡፡ ለአንድ ሰው ሲካፈል ከሁለት ቶን ተኩል ገደማ ወደ ስድስት ቶን ግድም መሆኑ ነው፡፡

ቁጥሩ ግን እንዴት ይገኛል? በብዙ አገር አሸዋና ጠጠር ሚዛን ላይ የሚያወጣ የለም፡፡ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከሲሚንቶና ከሬንጅ ፍጆታ ተነስተው ይገምታሉ፡፡ ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለው የአያቴ ቤት ከነበረቱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ የሚባል አልነካውም፡፡ በመንዝም በአንኮበርም እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፡፡ (አንኮበር ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈውም የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው፡፡) በግምቱ መሠረት አያቴ ድንጋይ ሳይጠቀም ኖሮ ሞተ ማለት ነው!

እሺ፣ የሚቆጠረውን ሲሚንቶ እንውሰድ፡፡ የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በነፍስ ወከፍ 35 ኪሎ የነበረውን ፍጆታ በ2007 ዓ.ም. 300 ኪሎ አደርሳለሁ ብሎ ነበር፡፡ አልደረሰም፤ አጠገቡም አልቀረበም፡፡ የዓለም አማካይ 500 ኪሎ ገደማ ሲሆን የቻይና ከሺህ ኪሎ በላይ ነው፡፡ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም አለው፡፡ በዓመት 300 ቀን ያለ እንከን ቢሠራ 45 ሚሊዮን ኩንታል ይሆናል፡፡ ይህንን ለ130 ሚሊዮን ሕዝብ ያካፍሉት፤ ያው 35 ኪሎ!

ሕግ ለተማርኩት ለእኔ የሚከነክነኝ ከማካፈሉ በኋላ ያለው ነው፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፡፡ ስለዚህ ማሳው የሚወሰድበት ገበሬ ካሳው የሚሰላው ከላይ በሚያበቅለው እንጂ ከሥሩ ባለው ድንጋይ አይደለም፡፡ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የዓመት ገቢው አሥር እጥፍ ይከፈለው ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው፡፡ እጥፉ ጨመረ፣ የሚባዛው ግን ያው የእህል ገቢ ነው፡፡

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ በአካባቢው ሕዝብ ልማት እንዲሳተፍ፣ ገንዘብም እንዲመድብ ያዛል፡፡ ስንት ተመደበ? ምን ተሠራበት? ይህ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቢለጠፍ፣ የዓለሙን ሠንጠረዥ ትቼ እሱን ነው የማነበው፡፡