ባጁን አንጠልጥለህ ስትገባ ሸቀጡ ማን ነው?



ማስታወቂያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሆቴል አዳራሽ፣ ሱፍ የለበሱ ስድስት ተናጋሪዎች፣ ከፎቷቸው በላይ "የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮንፈረንስ" የሚል ጽሑፍ፣ ከታች ደግሞ በቀይ ቀለም "የቀሩት ቦታዎች ጥቂት ናቸው"። ትኬቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ መደበኛና ቪ.አይ.ፒ። መጨረሻ ላይ የተሳትፎ ሰርተፊኬት አለ።

ይህን የምጽፈው ለብቻው ለሚነግድ ሰው ነው። ዕቃውን ከመርካቶ የምታመጣው አንተ፣ ፎቶ የምታነሳው አንተ፣ "ዋጋው ስንት ነው?" ለሚለው የምትመልሰው አንተ፣ አሽገህ ለሞተረኛ የምትሰጠውም አንተ ነህ። እህቴ፣ አንቺም አለሽበት፤ ልጅ አስተኝተሽ በእኩለ ሌሊት የዐባያ ፎቶ ቻናልሽ ላይ የምትለጥፊው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኮንፈረንስ ገበያ ነው። ገበያ መሆኑ ነውር የለውም፤ ነግዶ መብላት የተከበረ ሥራ ነው። ነውሩ ያለው ገበያው ራሱን ትምህርት ቤት ብሎ ሲጠራና እኛም ደብተር ይዘን እንደ ተማሪ ስንገባ ነው። የሚፈልገውን ሳያውቅ ገበያ የገባ ሰው ሌላው ሊሸጥለት የፈለገውን ገዝቶ ይወጣል።

1. አዳራሹ የማን ነው?

ከውጭው ልጀምር፤ የእኛዎቹ አዘጋጆች መልኩን የሚቀዱት ከዚያ ስለሆነ። ስማቸው ከገነነ የንግድና የማርኬቲንግ ጉባኤዎች አንዱ በ2003 እ.ኤ.አ በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው ድሪምፎርስ ነው። ባለቤቱ ሴልስፎርስ ይባላል፤ የደንበኛ መረጃ መያዣ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ሌላው ለብዙ ዓመታት በቦስተን ሲካሄድ የቆየው ኢንባውንድ ነው። ባለቤቱ ሃብስፖት ሲሆን እሱም የማርኬቲንግ ሶፍትዌር ሻጭ ነው። ሁለቱም ጉባኤ የሚጠሩት ደንበኛ ለማግኘትና ያላቸውን ደንበኛ ለማጽናት ነው። ይህን ደግሞ አይደብቁም።

እዚያ አዳራሽ ከሚገቡት ብዙዎቹ መሥሪያ ቤታቸው የከፈለላቸው የማርኬቲንግ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሲውሉ ደሞዛቸው ይቆጠራል። ቢሮ የቀረው ባልደረባቸው ሥራውን ይሸፍንላቸዋል።

ያው መልክ ተገልብጦ እኛ አገር ሲመጣ የሚገባበት ሰው ተለወጠ። ወንበሩን የሚሞላው እንዳንተ ያለ፣ ከኪሱ የከፈለና ሱቁን ዘግቶ የመጣ ወጣት ሆነ። ተናጋሪው አርባ ደቂቃ ስለ "ራዕይ" ይናገራል። የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ እውነተኛው ንግግር ይመጣል፤ "የሦስት ወር ኮርስ አለኝ፣ ዛሬ እዚሁ ለተመዘገበ ግማሽ ዋጋ"። ስትመዘገብ የሰጠኸው ስልክ ቁጥር ደግሞ ከሳምንት በኋላ መልእክት ያስቆጥርሃል። ትኬት ገዛሁ ብለህ ነበር። የተሸጥከው ግን አንተ ነህ።

2. ቁጭ ብለን እናስላው

ነጋዴ ነን፤ በስሜት አንነጋገር። ለምሳሌ ያህል ትኬቱ 3,000 ብር ይሁን። ያን ቀን ሱቅህን በመዝጋትህ የሚቀርብህ ትርፍ 1,500 ብር፣ ትራንስፖርትና ምሳ 500 ብር እንበል። ድምሩ 5,000 ብር ነው። በአንድ ጅልባብ 200 ብር የምታተርፍ ከሆነ ይህን ለመመለስ ብቻ 25 ጅልባብ መሸጥ አለብህ። ከደሴ፣ ከጅማ ወይም ከድሬዳዋ የምትመጣ ከሆነ የመኪናውንና የአልጋውን ራስህ ደምርበት።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቅ፤ "ከዚህ አዳራሽ የማገኘው የትኛው ነገር ነው 25 ተጨማሪ ጅልባብ የሚያሸጥልኝ?" መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተህ ገንዘቡን ያዘው። "መነቃቃት" መልስ አይደለም። መነቃቃት ማክሰኞ ጠዋት ላይ ያልቃል፤ የሱቁ ኪራይ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል።

3. የሚያስተምሩት ሌላ፣ የሚያመን ሌላ

መድረኩ ላይ ስለ ኢሜይል ማርኬቲንግ ይነገርሃል። ከደንበኞችህ ስንቱ ነው ኢሜይሉን ከፍቶ ዐባያ የሚያዝዘው? ደንበኛህ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ቲክቶክ ላይ አይቶህ፣ ቴሌግራም ላይ ጠይቆህ፣ በስልክ ደውሎ ድምፅህን ሰምቶ ነው የሚገዛህ። በፌስቡክና በጎግል ማስታወቂያ በቀን ይህን ያህል ዶላር መድብ ይሉሃል። ለዚያ ክፍያ ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን የለንም። ስለዚህ "ቡስት እናደርጋለን" ለሚል ሰው በብር ከፍለን፣ ማስታወቂያው ለማን እንደደረሰ እንኳ ሳናይ እንቀራለን። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የማይተነፍስ የኢትዮጵያ ዲጂታል ማርኬቲንግ ኮንፈረንስ ስለ የትኛው አገር ነው የሚያወራው?

የሚያመን ሌላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ መቀበል ቀሎናል፤ አልሐምዱሊላህ። አብሮት ግን የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሾት መጣ። ገንዘቡ አካውንትህ መግባቱን ሳታረጋግጥ፣ ምስሉን ብቻ አምነህ ዕቃ የላክህበት ቀን ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይጎዳሃል። ሞተረኛው ደርሶ ስልክ የማያነሳ ደንበኛ አለ። "ልኬ አይደለም" ብሎ የሚመልስ አለ። የማያውቀው ሊንክ ከፍቶ ሃያ ሺህ ተከታይ ያለው ገጹን በአንድ ሌሊት ያጣ አለ። ለብቻው የሚነግድን ሰው ከገበያ የሚያስወጡት እነዚህ ናቸው። ስለነሱ ፓናል ተዘጋጅቶ አይቼ አላውቅም፤ ስፖንሰር የላቸውማ!

አንድ ደግሞ የራሳችን በሽታ አለ፤ "ዋጋ በኢንቦክስ"። ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ አንተ ዙህር ላይ ነህ፣ ስትመለስ ከሌላ ገዝቷል። ለብቻህ እየሠራህ ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት መልስ መጻፍን ማን ፈረደብህ? ዋጋውን፣ ልኩን፣ የማድረሻ ሒሳቡን ከፎቶው ሥር ጻፈው። ይህን ምክር ለመስማት ቪ.አይ.ፒ ወንበር አያስፈልግህም።

4. "ሳይኮሎጂ" እየተባለ የሚገባው ሐራም

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በነዚህ መድረኮች "የሽያጭ ሳይኮሎጂ" እየተባለ ከሚሰጠው ውስጥ ግማሹ ጥሩ ነው፤ ደንበኛን ማዳመጥ፣ ቶሎ መመለስ፣ ማመስገን። የቀረው ግን ስሙ ተቀይሮ የመጣ ማታለል ነው። መጋዘን ሙሉ ዕቃ እያለህ "3 ብቻ ቀሩ" በል፤ ተከታይ ግዛ፤ ዘመዶችህ ደንበኛ መስለው ኮሜንት ይጻፉልህ፤ ዋጋውን መጀመሪያ ሰቅለህ "ቅናሽ" በል።

ወንድሜ፣ ይህን ዲናችን ስም አውጥቶለታል። የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው ሌላውን ለማሞኘት ብቻ ዋጋ የሚጨምር ሰው ሥራ ነጅሽ ይባላል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል። የተገዛ ኮሜንትስ ከዚህ በምን ይለያል? ገዢ ያልሆነ ሰው ገዢ መስሎ ሌላውን ያነሳሳል። ሶሒሕ ሙስሊም የዘገበውን የእህሉን ክምር ታሪክም ታውቀዋለህ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ከክምሩ ውስጥ ከተው እርጥበት አገኙ፤ ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ቢል፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልንም ከኛ አይደለም አሉ። የዛሬው የእህል ክምር የምርትህ ፎቶ ነው። ጨርቁ ስስ ከሆነ ስስ መሆኑን ጻፍ። ቀለሙ በፊልተር የደመቀ ከሆነ ፊልተሩን አንሳው።

የአገሩ ሕግም ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ "ሁሉም ሰው ያደርገዋል" የሚል ተናጋሪ ካጋጠመህ ሪዝቅህንም ሕግንም ለአደጋ እያጋለጠህ ነው።

5. "ግን ሰው ማወቅስ?"

ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ በአግባቡ ይመለስ። "ማርኬቲንጉን ተወው፣ እዚያ የምትተዋወቀው ሰው ነው የሚጠቅምህ" ይሉሃል። እውነት አለው። ግን የትኛው ሰው? መድረክ ላይ ያለው ሰው አብራችሁ ፎቶ ትነሱና ስምህን ሳይዝ ይሄዳል። የሚጠቅምህ ከኋላ ወንበር አጠገብህ የተቀመጠው ነው፤ ጫማ በቲክቶክ የምትሸጠዋ እህት፣ ስድስት ሞተር ያለው የዴሊቨሪ ልጅ፣ ማሸጊያ ካርቶን የሚያትመው ሰው። እነሱ ያንተን ችግር ያውቁታል፤ እየኖሩት ነውና።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረዲየላሁ ዐንሁ) አስታውስ። ከመካ ባዶ እጁን መዲና ሲደርስ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው አቀረበለት። እሱ ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አመላከቱት፤ ሄዶ ነግዶ አይብና ቅቤ ይዞ ተመለሰ። ግማሽ ሀብት የሚሰጠው ወንድም እያለው እንኳ የመረጠው ከገዢና ከሻጭ መሃል መቆምን ነው። የኛ ወጣት ግን ስለ ገበያ የሚያወራ ሰው ለመስማት የራሱን ገበያ ዘግቶ ይሄዳል።

6. መሄድህ ካልቀረ

ፈጽሞ አትሂድ አላልኩም። እንደ ነጋዴ ሂድ ነው የምለው።

- ከመሄድህ በፊት ለአንድ ወር ሦስት ቁጥሮች ደብተር ላይ መዝግብ፤ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ ከፈለ፣ ስንቱ ተመልሶ መጣ። ቁጥር የሌለው ሰው ምን እንደሚጠይቅም አያውቅም።
- አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘህ ግባ። "እንዴት ልደግ?" ጥያቄ አይደለም። "መቶ ሰው ጠይቆኝ የሚገዛው አምስት ነው፤ የት ነው የማጣቸው?" ይህ ጥያቄ ነው።
- ተናጋሪውን "ባለፈው ወር ራስህ ምን ሸጥክ?" በለው። ከኮርስ ሌላ ምንም ካልሸጠ መልስህን አግኝተሃል።
- በዚያ ቀን ምንም አትመዝገብ፣ ምንም አትፈርም። "ዛሬ ብቻ" የሚባል ቅናሽ እንዳታስብ የሚከፈልህ ዋጋ ነው።
- ፕሮግራሙ ለዙህርና ለዐስር ሶላት ክፍተትና ቦታ እንዳለው ትኬት ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። እንግዳ አድርጎ የጠራህ ሰው ይህን ለማሟላት አይከብደውም፤ ካልተጠየቀ ግን አያስብበትም።

መሠረታዊውን ትምህርት ብቻ የምትፈልግ ከሆነ የጎግል ስኪልሾፕ፣ የሜታ ብሉፕሪንትና የሃብስፖት አካዳሚ ብዙ ኮርሶችን በነፃ ይሰጣሉ። እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ ሦስት ሆናችሁ ተጋገዙ።

7. ለአዘጋጆቹም አንድ ቃል

ለብቻው ለሚነግድ ሰው የምታስቡ ከሆነ አሳዩን። ከተናጋሪዎቹ ማን ከፍሎ እንደሚናገርና ማን ተከፍሎት እንደሚናገር ትኬቱ ላይ ጻፉ። የውጭ ኩባንያ ታሪክ ቀንሱና በብር የተሠራ የአንድ ሱቅ ሒሳብ፣ ኪሳራውንም ጨምሮ፣ አቅርቡ። የሰውን ስልክ ቁጥር ሳታስፈቅዱ ለሌላ አትስጡ፤ አማና ነው።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ነገር አለ። በየሰፈራችን መስጂድ ውስጥ ከዐስር በኋላ የምንተያይ ስንት ነጋዴዎች ነን? አሥር ሆነን በወር አንድ ቀን ግቢው ጥላ ሥር እንቀመጥ፤ እህቶችም በበኩላቸው እንዲሁ። እያንዳንዱ ስልኩን ከፍቶ ቻናሉን ያሳይ። የተታለለ እንዴት እንደተታለለ ይንገር። ዕቃ የሚያስመጣ ለሌላው አብሮ ያስመጣ። ወጪው የሻይ ብቻ ነው፤ የሚሸጥልህም ሰው የለም።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፣ በያዝነውም በረካ ያድርግልን። ይህ ጽሑፍ ለሚጠቅመው ነጋዴ ወንድምና እህት አድርሱልኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ