ናፍታ ለሞተር ነው እንጂ ለጎሚኒ አይደለም

ዛሬ ስለ ዘርና ማዳበሪያ አላወራም፤ ስለ መኪና ነው። «የግብርና ባለሙያ ስለ መኪና ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። የደከማችሁበትን ምርት ገበያ የሚያደርሰው መኪና ነዋ።

የአዲስ አበባው አትክልት ተራ በ2013 ዓ.ም. ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የምታራግፉት እዚያ ነው። ባለፈው ሰሞን እኔም ቲማቲም ከጫኑ አርሶ አደሮች ጋር ሄጄ ነበር። መኪናው በጋራ የገዙት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው። ፒስታው ላይ ከኋላ «ቋ! ቋ!» ሲል ነው የደረስነው። ከታች ያለው ሳጥን ፈራርጦ ነጋዴው ዋጋ ቆረጠብን። እዚያው ሰፈር ያገኘነው መካኒክ ከስር ገብቶ አየና «ባሌስትራው ደህና ነው፣ ጎሚኒው ነው ያለቀው። በናፍታ ነው እንዴ የምታጥቡት?» አለ። አዎ፣ በናፍታ ነበር። ቲማቲሙን የጨረሰው ጎሚኒው ብቻ ነው አልልም፣ መንገዱም አለ። መንገዱን ግን እኛ አንቀይረውም፤ ጎሚኒውን እንችላለን።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ መኪናን ከስር በናፍታ ማጠብና ላስቲክ ላይ ግራሶ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይቅር። ጎሚኒ ማለት ባሌስትራውና አሞርዛተሩ በሚታሰሩበት ቦታ፣ በብረትና በብረት መሀል የሚገባው ላስቲክ ነው። ናፍታና ዘይት ላስቲኩ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ፤ ያብጣል፣ ይልሞሰሞሳል፣ ከዚያ ይቀደዳል።

«ግራሶ ስቀባው እኮ ድምፁ ይጠፋል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ግን ያነከሰ በሬን ማስታገሻ ሰጥቶ እንደመጥመድ ነው። ግራሶ በፓምፕ የሚሰጣቸው የብረት ቦታዎች፣ ለምሳሌ ክሮቸራ፣ በጊዜው ይሰጣቸው። ላስቲክ ግን አይፈልግም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ይደረግ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ!
2. ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ። ከዚያ በውሃና በቀላል ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ። ዘይት ከላይ የሚንጠባጠብበት ከሆነ መጀመሪያ ማፍሰሻው ይሠራ።
3. ሲደርቅ እዩት። ከተሰነጠቀ፣ ካበጠ፣ ወደ አንድ ጎን ከወጣ ወይም ብረት ከብረት ተፋቅቶ የሚያበራ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።
4. መቀባት ካስፈለገ ለላስቲክ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ጠይቁ።
5. ሲቀየር ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይቀየር። ቡሎኑ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተሰቅሎ እያለ ከጠበቀ፣ ሲወርድ አዲሱ ላስቲክ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። መካኒኩን ቆማችሁ አሠሩት፤ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የጋራ መኪና ላይ ትልቁ ችግር ናፍታው አይደለም፣ ባለቤት ማጣቱ ነው። ሁሉም ይጭንበታል፣ ከስር የሚያየው የለም። ሾፌሩ «ማኅበሩ ያሠራው» ይላል፣ ማኅበሩ «ሾፌሩ አልነገረንም» ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፣ በወር አንድ ቀን ከስር ይይ፣ ያየውን በደብተር ይጻፍ።

እኛ ባለሙያዎችም ጥፋት አለብን። የመርጫ መሣሪያችሁን ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ እጠቡ እያልን እንመክራለን፣ ስለ መኪናው ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብለን አናውቅም። መኪናም የእርሻ መሣሪያ ነው። ሞፈርና ቀንበሩን የሚንከባከብ ገበሬ ጎሚኒ አያቅተውም።

መኪና ላለው ጎረቤታችሁ አሳዩት። ሰላም ሰንብቱ።